ፍልሰተ ሥዕል፦ ፎቶን ከሜሞሪ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ስለ ማዛወር የቀረበ ሐተታ

ፎቶን ከካሜራ ሜሞሪ ካርድ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ካርድ፣ ኮምፒውተርና ሰው። ስለ ካርዱ የሠሩት ኩባንያዎች በቂ ጽፈዋል፤ ስለ ኮምፒውተሩም እንዲሁ። ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ሳይጠና ቀርቷል። ይህ ሐተታ ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ለጥናቱ የተመረጠው ሥፍራ በአዲስ አበባ ከሚገኙ ፎቶ ቤቶች አንዱ ሲሆን ወሩ ጥር ነው። ጥር የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በጥር ያላገባ ሰው ሚዜ ነው፤ ሚዜም ያልሆነ ከሚዜዎቹ ኋላ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ፎቶው ውስጥ ይገኛል። ፎቶ ቤቱ ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ክፍል ለጉርድ ፎቶ የሚዋስ አንድ ኮትና አንድ ክራባት የተሰቀለበት ነው። የኋለኛው ክፍል ኮምፒውተሩ ያለበት ነው። ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሷል። ከእግሩ ሥር አንድ ካርቶን አለ፤ በካርቶኑ ውስጥ የሁሉም ዓይነት ኬብል አለ፤ የተፈለገው ብቻ የለም። አጥኚው ጉርድ ፎቶውን እንደሚጠብቅ ደንበኛ ሆኖ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ለምን እንደማይሄድ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ክፍል አንድ፦ ታሪክ

ታሪክ ያልቀደመው ጥናት አይከበርምና ጥቂት ታሪክ እነሆ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ አቆጣጠር ያለው ጣጣ በክፍል አምስት ይመጣል።

በ1975 ስቲቭን ሳሶን የተባለ የኮዳክ ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያው ነው የሚባለውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ካሜራው 3.6 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኖ 100 በ100፣ በድምሩ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው። አንዱን ፎቶ ለማስቀመጥ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የሚያስቀምጠውም በካሴት ላይ ነበር። አንባቢ ካሴቱን በልቡ ይያዝልን፤ ወደፊት እንፈልገዋለን።

ቆይቶ ካርዶች መጡ። ኮምፓክት ፍላሽ በ1994፣ ስማርት ሚዲያ በ1995፣ ሜሞሪ ስቲክ በ1998፣ ኤስዲ በ1999፣ ኤክስዲ በ2002። አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባም፤ ይህም በኃይል ሳይሞከር የታመነበት ጊዜ የለም። ኮምፓክት ፍላሽ 50 ቀዳዳ አለው፤ በካሜራው ውስጥም 50 ቀጫጭን መርፌዎች ይጠብቁታል። አንዷ መርፌ የተጣመመች ለት ካርድ የሚያስገባው ሰው ሁሉ «እኔ ስይዘው ደህና ነበር» ይላል። ኤክስዲ የኦሊምፐስና የፉጂፊልም ካሜራዎች ካርድ ነበር። ዛሬ የሚገኘው በመሳቢያ ውስጥ ነው፤ በውስጡም የአንድ ሰው ምርቃት አለ፤ የሚያነበው ሪደር ግን የለም።

በፎቶ ቤታችን ጸንቶ የቀረው ኤስዲ ነው። ርዝመቱ 32፣ ወርዱ 24፣ ውፍረቱ 2.1 ሚሊ ሜትር። በዚህች ቦታ ከሽምግልናው እስከ መልሱ ያለው ሠርግ በሙሉ ይገባል። የሁለት ወገን ዘመድ ሳይጣላ አብሮ የሚያድርበት ሌላ ቦታ እስካሁን አልተገኘም።

ክፍል ሁለት፦ የገልባጮች ምደባ

ገልባጮች በዕድሜም በሙያም አይለዩም፤ የሚለዩት በፍርሃታቸው ነው። ከአንዱ በቀር እያንዳንዱ ገልባጭ አጥብቆ የሚፈራው አንድ ነገር አለው። የሚደርስበት ግን ሌላ ነው።

ሀ. ባለ ኮፒ። ይህ ሰው የሚፈራው መጥፋትን ነው። ስለዚህ ፎቶውን ኮፒ ያደርጋል፤ ካርዱ ላይ ያለውንም አይነካም። በማግስቱ ኮፒ ማድረጉን ይጠራጠርና እንደገና ያደርጋል። በፎልደሮቹ ስም ደግሞ በሦስት ይከፈላል። ሀ.1 «ኒው ፎልደር» ነው፤ ስም ለማውጣት ጊዜ የለውም። ሀ.2 «ኒው ፎልደር 2» ነው፤ ከሀ.1 የሚለየው በጸጸት ነው። ሀ.3 ስም የሚያወጣው ሲሆን ፎልደሮቹ በተርታ «ሠርግ»፣ «ሠርግ የመጨረሻ»፣ «ሠርግ የመጨረሻ ትክክለኛው» እና «ይሄ ነው» ይባላሉ። «ይሄ ነው» ሲከፈት ባዶ ነው።

ለ. ባለ ከት። ይህ የሚፈራው ድግግሞሽን ነው። አንድ ፎቶ ሁለት ቦታ ከተቀመጠ ሃርድ ዲስኩ ይሞላል ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ከካርዱ ከት ያደርግና ኮምፒውተሩ ላይ ፔስት ያደርጋል። እዚህ ላይ አንድ ምሥጢር መግለጥ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ከካርድ ወደ ራሱ ከት ሲያደርግ ፎቶውን ብድግ አድርጎ አያነሣም፤ መጀመሪያ ኮፒ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ካርዱ ላይ ያለውን ይሰርዛል። ስለዚህ ደፋሩ ባለ ከትና ፈሪው ባለ ኮፒ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ አብረው ይጓዛሉ። የሚለያዩት መብራት ሲሄድ ነው። በዚህም መሠረት ለ.1 ላፕቶፕ ያለው፣ ለ.2 ዩፒኤሱ የሚጮኽ፣ ለ.3 ዩፒኤሱ የአበባ ማስቀመጫ የሆነ ተብለው ይመደባሉ። የለ.3 አባላት ሁሉ ጸሎተኞች ናቸው።

ሐ. ባለ ሾርትከት። ይህ ምንም አይፈራም። ካርዱን ይከፍታል፤ ፎልደሩን በቀኝ ይጫናል፤ «ዴስክቶፕ» የሚል ቃል ሲያይ ደስ ብሎት እሱን ይመርጣል። ዴስክቶፑ ላይ ትንሽ ጠማማ ቀስት ያላት ምልክት ትወጣለች። ሲጫናት ፎቶዎቹ በሙሉ ይታያሉ፤ ካርዱ ገና አልወጣማ። ረክቶ ካርዱን ፎርማት ያደርጋል። ሾርትከት መንገድ ጠቋሚ እንጂ ፎቶ አይደለም፤ ይህን ማድረግ የዘመዱን የቤት ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይዞ ቤቱን እንደ ማፍረስ ነው። ባለ ሾርትከት ይህ ሲነገረው አይቆጣም። «ትናንት እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ይላል። አይቶታልም።

መ. ባለ «ለሁሉም አዎ»። ይህ የሚፈራው ጥያቄን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራ ፎቶ ስሙ አራት ምልክትና አራት አኃዝ ነው፤ ቁጥሩም ከ0001 ተነሥቶ 9999 ሲደርስ ተመልሶ 0001 ይላል። አንድ ዓይነት ካሜራ የያዙ ሁለት ፎቶ አንሺዎች አንድ ሠርግ ላይ ሲሠሩም በየካርዳቸው ስማቸው የተመሳሰለ ፎቶዎች ይወለዳሉ። ሁለቱ ካርዶች አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገለበጡ ኮምፒውተሩ በትሕትና «በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፤ ልተካው ወይ?» ይላል። በዚህ ሰዓት ከኋላ የሙሽራዋ አክስት ቆመዋል፤ ስልክ ይጮኻል፤ ጉርድ ፎቶ የሚነሣው ሰው ክራባቱን ማሰር አቅቶታል። ገልባጩ «ለሁሉም አዎ» ይላል። በዚህ አኳኋን የአማቾች አቀባበል በኬክ ቆረሳ ተተክቷል። አማቾቹ እስከ ዛሬ ቅር እንዳላቸው ነው።

ሠ. ባለ ቫይረስ። ይህ የሚፈራው ቫይረስን ነው፤ ከምድቦቹ ሁሉ ፍርሃቱ በማስረጃ የተደገፈ እሱ ብቻ ነው። በፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ በቀን የሚሰካው ፍላሽና ካርድ ብዙ ነው፤ ከየሰፈሩ የመጣው ሁሉ የየራሱን ይዞ ይመጣል። ከቫይረሶቹ የታወቀው ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚተክለው ነው። ደንበኛው ፎቶ ሰጥቶ ቫይረስ ተቀብሎ ይሄዳል። ባለ ቫይረስ ይህን ስለሚያውቅ ካርዱን ከመስጠቱ በፊት በጥፍሩ አንድ ነገር ያደርጋል። ያደረገው ነገር ለብቻው ክፍል ይገባዋል።

ክፍል ሦስት፦ ስለ ቁልፏ

በኤስዲ ካርድ ግራ ጠርዝ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ተንሸራታች ፕላስቲክ አለች። ወደ ላይ ስትሆን ካርዱ ክፍት ነው፤ ወደ ታች ስትወርድ ዝግ ነው። ካርድ ሲዘጋ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ አይሰረዝም፤ ፎርማትም አይደረግም። ስለ ቁልፏ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ይኼው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥልቅ ነው።

በመጀመሪያ፦ ቁልፏ ከካርዱ ጋር ግንኙነት የላትም። ሽቦ የላትም፤ ከውስጥ የምትነካው ነገር የለም። ካርዱ ራሱ መቆለፉን አያውቅም። ቁልፏ የት እንዳለች የሚዳስሰው ካርዱ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ዳስሶ ለካሜራው ወይም ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ያ ደግሞ ደስ ካለው ያከብራል። ስለዚህ ቁልፏ አትከለክልም፤ ታሳስባለች። የማይሰሟት ሪደሮችም አሉ።

በሁለተኛ ደረጃ፦ ካሜራው «ካርዱ ተቆልፏል» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም ትርጓሜው ሰፊ ነው። አንድም ቁልፏ ወደ ታች ወርዳለች ማለት ነው። አንድም ቁልፏ ወደ ላይ ነበረች፣ ነገር ግን ከዕድሜ ብዛት ላልታ ኖሮ ካርዱ ሲገባ የቀዳዳው ጠርዝ ገፍቶ አወረዳት ማለት ነው። አንድም ቁልፏ ከነጭራሹ ወድቃለች፤ ቦታዋ ባዶ የሆነ ካርድ እንደ ተቆለፈ ይቆጠራልና። አንድም ካርዱ ማይክሮ ኤስዲ ነው፤ ማይክሮ ኤስዲ ቁልፍ ባይኖረውም የለበሰው አዳፕተር አለው፤ የሰው ጥፋት ተሸክሟል ማለት ነው። አንድም አንዱ ልጅ ነክቶታል። በፎቶ ቤቱ ያሉ ሊቃውንት የመጨረሻውን ይመርጣሉ፤ ሌሎቹን ሳይመረምሩ።

በሦስተኛ ደረጃ፦ ስለ ቁልፏ ሁለት የትምህርት ወገኖች አሉ። እነሱም ላይ ቤትና ታች ቤት ይባላሉ።

ላይ ቤቶች ቁልፏ ምንጊዜም ወደ ላይ ትሁን ይላሉ። ምክንያታቸው ሙሽራ ነው። ሙሽራ ከመኪና የምትወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካርዱ ተቆልፎ ነበርና ትመለስልን አይባልም። ተብሎ ያውቃል፤ ተመልሳም ወርዳለች፤ በፎቶው ላይ ግን ፊቷ ያስታውቃል።

ታች ቤቶች ሥራ እንዳለቀ ቁልፏ ወደ ታች ትውረድ ይላሉ። ምክንያታቸው የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ነው። የተቆለፈ ካርድ ላይ ቫይረስ አይጻፍም፤ ባለ ከት ከት አያደርግበትም፤ ልጅም በስህተት ፎርማት አያደርገውም። ክርክራቸው የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ማታ የቆለፈው ሰውና ጠዋት ሠርግ የሚሄደው ሰው አንድ ሰው መሆኑ ነው።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ላይ ቤት ናቸው። ረዳታቸው ታች ቤት ነው። ክርክሩ በጥናቱ ወቅት እንዲህ ተሰምቷል፦

«አንተ ልጅ፣ ቁልፏን ወዴት አደረግሃት?»

«ወደ ታች ነው ጋሼ፤ ቫይረስ እንዳይገባ።»

«ነገ ጠዋት መክፈቱን ማን ያስታውስሃል?»

«ለራሴ እነግረዋለሁ።»

«ለራስህማ ባለፈውም ነግረኸው ነበር።»

ረዳቱ መልስ አልነበረውም። በዚህም ላይ ቤት ያሸነፈ መሰለ። በማግስቱ ግን ባለቤቱ ራሳቸው ያልተቆለፈ ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቋቸው። ረዳቱ ያን ቀን ቡና በራሱ ገንዘብ አስመጣ፤ ቃል ግን አልተናገረም።

በአራተኛ ደረጃ፦ የቁልፏ መውደቅ። ፕላስቲኳ የምትወድቅበት ቀን አይታወቅም፤ ስትወድቅም አይታይም። ከዚያ በኋላ ካርዱ ለሁልጊዜው ዝግ ነው። መድኃኒቱ ቁልፏ የነበረችበትን ቦታ በፕላስተር መሸፈን ነው፤ ቀዳዳው ሲዳስስ ፕላስተሩን ቁልፍ መስሎት ይታለላል። የፕላስተር ዓይነቶች አራት ናቸው። ስኮች ቀጭንና ለዓይን የማይታይ ስለሆነ የተመሰገነ ነው። የኤሌክትሪክ ፕላስተር ወፍራም ነው፤ ካርዱ ይገባል፤ አይወጣም። የቁስል ፕላስተር በጭንቅ ቀን ይፈቀዳል። አራተኛው የማስቲካ ወረቀት ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም።

ከኤሌክትሪክ ፕላስተር ጋር ካሜራ ውስጥ የቀረ ካርድ የሚወጣው በወረንጦ ነው። በሠርግ ቤት ወረንጦ ያላት ሜካፕ ሠሪዋ ብቻ ናት። ፎቶ አንሺና ሜካፕ ሠሪ ጠዋቱን ሙሉ በመስኮቱ ብርሃን ሲጣሉ ይውላሉ፤ ወረንጦው የተፈለገ ጊዜ ግን ፎቶ አንሺው «እህቴ» ማለት ይጀምራል። ዕርቁ የሚጸናው ካርዱ እስኪወጣ ነው።

አንባቢ በልቡ የያዘልን ካሴት አሁን ይምጣ። ፊሊፕስ በ1963 ባወጣው ካሴት ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ነበሩ። ጥርሷ የተሰበረች እንደሆነ በዚያ ገጽ ላይ መቅዳት አይቻልም። እንደገና መቅዳት የፈለገ ሰው ቀዳዳውን በወረቀት ይወትፋል ወይም በፕላስተር ይሸፍናል። በዚህ መንገድ ከውጭ አገር በድምፅ የተላከ ሰላምታ ላይ ዘፈን ቀድቶ የተገረፈ ታናሽ ወንድም ያልነበረበት ቤት ጥቂት ነው። ቴክኖሎጂው ከካሴት እስከ ካርድ ብዙ ተጉዟል፤ ጥርሷ ግን አብራ ተጉዛለች፤ ፕላስተሩም ተከትሏታል። የኤስዲ ካርድ ሠሪዎች በሚሰበር ጥርስ ፈንታ የምትንሸራተት ቁልፍ በማድረጋቸው ችግሩን እንደ ፈቱ ሳይመስላቸው አልቀረም። ታናሽ ወንድምን አላሰቡትም።

ክፍል አራት፦ ዳግም ፍልሰት

እስካሁን የተነገረው ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ስለሚሄደው ነው። ከኮምፒውተር ወደ ካርድ የሚመለስም አለ። ምክንያቱ አንድ ነው፦ አክስት። አክስት ኤዲት የተደረገውን ፎቷቸውን በካሜራው መስታወት ላይ ማየት ይፈልጋሉ፤ ትናንት ያዩት እዚያ ላይ ነውና።

ካሜራ ግን የሄደን ሁሉ አይቀበልም። በ1998 በጃፓን የወጣ ደንብ አለ፤ ካሜራዎች በሱ ይሄዳሉ። በደንቡ መሠረት ፎቶ የሚቀመጠው ዲሲአይኤም በሚባል ፎልደር ሥር ነው፤ በውስጡ ያሉት ፎልደሮች ከ100 እስከ 999 ባለ ቁጥር ጀምረው አምስት ምልክት ያስከትላሉ፤ ፎቶው አራት ምልክትና አራት አኃዝ ይኖረዋል። ከዚህ የወጣ ስም ያለው ፎቶ ካርዱ ላይ ቢሆንም ለካሜራው የለም። «እትዬ ያማሩበት» ተብሎ የተመለሰ ፎቶ አይታይም። ስሙ ተስተካክሎ ሲመለስም ካሜራው ብዙ ጊዜ «ይህን ምስል ማሳየት አልችልም» ይላል፤ ኤዲት ያደረገው ፕሮግራም ፋይሉን በራሱ መንገድ እንደገና ስለሚያዘጋጀው።

ረዳቱ ይህን በጨዋ ደንብ ለማስረዳት ሞክሯል። «እትዬ፣ ካሜራው አላወቀዎትም» አላቸው። ፎቶው ላይ 20 ዓመት ተቀንሶላቸው ነበር፤ በካሜራው አይፈረድበትም።

ክፍል አምስት፦ ስለ ዘመን

አዲስ ካሜራ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀንና ሰዓት ነው፤ በዚህ ጊዜ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። ካሜራውን በሐበሻ አቆጣጠር የሞላ ሰው ይህን ይገጥመዋል። ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 2016 የተደረገ ሠርግ በፈረንጅ ጃንዋሪ 27 ቀን 2024 ነው። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ ግን ካሜራው ሜይ 18 ቀን 2016 ብሎ ይመዘግበዋል። ያ ቀን ረቡዕ ነው። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን በቀን ሲደረድር ሙሽሮቹ ከመተጫጨታቸው በፊት ተጋብተው ይገኛሉ።

ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ካሜራው ዘንድ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውም። ስለዚህ ጥቅምት 30 ካሜራ ለመሙላት የማይሆን ቀን ነው። ጳጉሜ ላይ የሚነሣ ፎቶ ነገር ደግሞ አይነሣ፤ የወሩ ቁጥር 12 ላይ ይቆማል፤ ዐሥራ ሦስተኛውን ሲፈልጉ ወደ አንድ ይመለሳል።

ሰዓት ይብሳል። ቀትር በኛ ስድስት ሰዓት ነው፤ በዚህ የተሞላ ካሜራ ከሌላው በስድስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ብቻውን ከሆነ ጉዳት የለውም። ችግሩ ሁለተኛው ፎቶ አንሺ ካሜራውን በፈረንጅ የሞላ እንደሆነ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የሱ ካሜራ 10፡00 ይላል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ኬኩ ሲቆረስ የሐበሻው ካሜራ 9፡00 ይላል። ፎቶዎቹ አንድ ላይ ሲደረደሩ ኬኩ የተቆረሰው ሙሽራዋ ሳትወጣ ነው። አልበሙን ያዩት አማት ይህን አስተውለው ዝም ብለዋል፤ ዝምታቸው ግን ተመዝግቧል።

ክፍል ስድስት፦ ስለ ትንሣኤ

የጠፋ ፎቶ ብዙ ጊዜ አልጠፋም። እስከ 32 ጊጋ ባይት ያሉት ኤስዲ ካርዶች በሚጠቀሙበት ፋት በተባለው አመዘጋገብ፣ ዲሊት ሲባል የሚሆነው ከመዝገቡ ላይ የፋይሉ ስም የመጀመሪያ ምልክት ተለውጦ ቦታው ነጻ መባሉ ነው። ፎቶው ራሱ ሌላ እስኪጻፍበት ባለበት ተኝቷል። በካሜራ ውስጥ የሚደረገው ፈጣን ፎርማትም መዝገቡን እንጂ ፎቶዎቹን አያጠፋም። ስለዚህ ፎቶ የጠፋበት ሰው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ካርድ ሌላ ፎቶ አለማንሣት። ቀጥሎ እንደ ፎቶሬክ ያለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ይመረምርለታል።

ሲመረምር ግን አይመርጥም። የዚህኛው ሠርግ ሲነሣ ከሥሩ የነበረው ሠርግም ይነሣል፤ ከሱም ሥር የክርስትናው፣ ከዚያም የአንድ ሰው የመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ። ሁሉም ስማቸውን ረስተው በቁጥር ብቻ ተሰልፈው ይመጣሉ። ሙሽራው ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ሲመለከት በሠርጉ ካርድ ላይ ሌላ ሙሽራ አየ። ካርዱን ከፎቶ ቤቱ የተከራየው መሆኑን ለማስረዳት የወሰደበት ጊዜ ፎቶውን ለማስመለስ ከወሰደው ይበልጣል።

ክፍል ሰባት፦ ስለ ኬብል

ኬብሉ አልተገኘም።

ክፍል ስምንት ስለ ሪደር፣ ክፍል ዘጠኝ ደግሞ ሴፍሊ ሪሙቭ ሳይሉ ካርድ ስለሚነቅሉ ሰዎች ሊሆን ታቅዶ ነበር። ዕቅዱ የፈረሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አክስት ገብተው ተቀመጡ፤ ስለ ካርድም ስለ ፎልደርም አልጠየቁም። «የኔ ልጅ፣ በቴሌግራም ላክልኝ» አሉ። ረዳቱ ላከላቸው። ሰባት ክፍል የፈጀው ጉዳይ እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ሳይጨርሱ አለቀ። ፎቶው በፎቶነት ሲላክ እንደሚያንስ፣ ሳይነካ የሚደርሰው በፋይል ሲላክ እንደሆነ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ አክስት ግን ለዱባይዋ ልጃቸው አስተላልፈውት ነበር፤ እሷም ልብ ልካለች።

ስለዚህ ምደባውን እዚህ ላይ ትተነዋል። ኮፒ አድርጉ፤ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ፎቶዎቹን ከፍታችሁ እዩ፤ ካርዱን ነቅላችሁም እንደገና ከፍታችሁ እዩ፤ ከዚያ ካርዱን በካሜራው ፎርማት አድርጉ። ይኼ ሁሉ በአንድ መስመር ይነገር ነበር፤ ሐተታ ግን አይሆንም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ሳይነገር አይታለፍ። በዚያ ዳንቴል በለበሰ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተሰክቷል። በውስጣቸው ያለው የሠርግ ፎልደር ነው፤ ባለቤቶቹ ቀብድ ከፍለው፣ በሠርጉ ማግስት «እንዳይጠፋብን አደራ» ብለው፣ ሳይመለሱ የቀሩት። ፎቶ አንሺው ከቁልፏ፣ ከመብራቱና ከቫይረሱ ታግሎ ያተረፈው የነሱን ነው። ጥቂቶቹ ወልደዋል፤ የልጃቸውን ክርስትና ሌላ ፎቶ ቤት አስነሥተዋል፤ ይህም ተሰምቷል። ረዳቱ ዲስኩ ስለሞላ የቆዩት ይሰረዙ ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። ላይ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «ነገ ቢመጡስ?» ይሉና ሦስተኛ ዲስክ ለመግዛት ዋጋ ይጠይቃሉ። ዋጋውን ሲሰሙ የሚናገሩትን ማተም አይቻልም።

ቀብድ ከፍላችሁ የቀራችሁ ሙሽሮች፣ ቀሪውን ይዛችሁ ኑ። ፍላሽም ያዙ፤ ቫይረስ የሌለበት።